ስለ አሜሪካ የታሪክ ሰው ፔፐር ለምትጽፉ፦ እኔ በፍሬድሪክ ዳግላስ ላይ እንዴት እንደሰራሁት

ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ወይ ዲሲ ኮሌጅ የጀመራችሁ ልጆች፣ ሂስትሪ ክላስ ከወሰዳችሁ ስለ አንድ አሜሪካዊ የታሪክ ሰው ሪሰርች ፔፐር ጻፉ መባላችሁ አይቀርም። እኔ የጻፍኩት ከባርነት አምልጦ ባርነትን በጽሑፍና በንግግር ስለታገለው ስለ ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው፣ ስራ እየሰራሁ፣ ከሺፍት በኋላ ማታ ማታ፣ እና ከዛ ወዲህ ብዙ ልጆች "እንዴት ነው የሚጻፈው" እያሉ ስለሚጠይቁኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ዴድላይን የደረሰባችሁ ካላችሁ መሃሉን ብቻ አንብቡት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። አገር ቤት ስለ ታላቅ ሰው ጻፉ ስንባል ምን እንደምናደርግ ታውቁታላችሁ፣ መቼ ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ምን ሰራ፣ መቼ አረፈ፣ በመጨረሻ ስሙ ከመቃብር በላይ ይኖራል ብለን እንዘጋለን። እዚህ ያንን ብታስገቡ እንግሊዝኛው የቱንም ያህል ቢያምር ማርክ አያመጣም፣ ምክንያቱም ያ ሁሉ ዊኪፒዲያ ላይ አለ፣ አስተማሪውም ያውቀዋል። የሚፈለገው ማስረጃ ይዛችሁ የምትከራከሩለት አንድ ነጥብ ነው፣ ቲሲስ የሚሉት። ቲሲስ ከየት እንደሚመጣ ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምራችሁም፣ "ቶፒኩን አጥብበው" ብቻ ነው የሚሏችሁ፣ እንዴት እንደሚጠብ አይነግሯችሁም። እኔ የሰራልኝ መንገድ ይሄ ነው፤ ሰውዬው አንዱን ታሪክ ከአንድ ጊዜ በላይ ራሱ የተናገረበትን ቦታ ፈልጉ፣ ከዛ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ምኑ እንደተቀየረ እዩ። ምን ተጨመረ፣ ምን ተዘለለ፣ ማን ስሙ ተጠራ፣ ማን ሳይጠራ ቀረ። ጥያቄው እዛው ውስጥ ነው ያለው።

ሰው ስትመርጡ ደግሞ በፍቅር ብቻ አትምረጡ። ክላሳችን ውስጥ ብዙው ልጅ ሊንከንን ወይ ማርቲን ሉተር ኪንግን ነበር የወሰደው፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው ምንም አይባልም፣ ግን ስለ ሊንከን የተጻፈው መጽሐፍ ብዛቱ ራሱ ገና ሳትጀምሩ ያደክማችኋል። እኔ የተመለከትኩት ሰውዬው በራሱ እጅ ጽፏል ወይ፣ የጻፈው ኦንላይን በነጻ ይገኛል ወይ፣ ሄጄ ላየው የምችለው ነገር ቅርቤ አለ ወይ የሚለውን ነው። ዳግላስ ሁሉንም ያሟላል። በ1818 እዚሁ ሜሪላንድ፣ ቶልቦት ካውንቲ፣ በባርነት ተወለደ፣ በ1838 ከባልቲሞር አመለጠ፣ ከዛ የህይወት ታሪኩን ሶስት ጊዜ ጻፈ፣ በ1845፣ በ1855 እና በ1881፣ የመጨረሻውን ደግሞ በ1892 አስፍቶ እንደገና አሳተመው። ኮፒራይቱ ድሮ ስላለቀ ሶስቱንም ሳንቲም ሳትከፍሉ ታነባላችሁ። የኖረበት ቤት አናኮስቲያ ነው፣ ዲሲ ታክሲና ኡበር የምትነዱ ደግሞ በስሙ የተሰየመውን ድልድይ በቀን ስንቴ እንደምትሻገሩት እናንተው ታውቃላችሁ።

ከባርነት አምልጣ ተመልሳ ሌሎችን ያስመለጠችውን ሃሪየት ተብማንንም አስቤ ነበር፣ እሷም የሜሪላንድ ልጅ ናት፣ ግን ማንበብና መጻፍ ስላልተማረች ስለሷ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ሌላ ሰው የጻፈላት ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የጸሐፊውን ቃል ከሷ ቃል መለየት አለባችሁ። አይቻልም አይደለም፣ ለመጀመሪያ ፔፐር ግን ከባድ ነው።

ከመረጣችሁ በኋላ ባዮግራፊ አትክፈቱ። የሰውዬውን የራሱን ጽሑፍ ቀድማችሁ አንብቡ፣ ምክንያቱም ባዮግራፊ ቀድሞ ካነበባችሁ የሌላ ሰው ሃሳብ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ይገባና የራሳችሁ የምትሉት ነገር አይኖራችሁም። የዳግላስ የ1845ቱ መጽሐፍ ትንሽ ናት፣ አውቶብስ ላይ ብቻ አንብባችሁ ትጨርሷታላችሁ። የታወቀው ክፍል ማንበብ የተማረበት ነው፣ ባልቲሞር የጌታው ሚስት ሶፊያ ኦልድ ፊደል ስታስጀምረው ባሏ ሂው ኦልድ ይከለክላታል፣ ከዛ እሱ ከቤት ዳቦ እየያዘ ወጥቶ ለሰፈሩ ድሃ ነጭ ልጆች እየሰጠ በምትኩ ያስተምሩታል። በጣም ደስ የሚል ነው፣ ግን ክላስ ውስጥ ሁሉም የሚጽፈው እሱን ነው፣ ስለዚህ እለፉት። ሁሉም የሚያሰምርበትን አንቀጽ ተዉትና እናንተን "ቆይ እንዴ?" ያስባላችሁን ቦታ ያዙ።

እኔን ያስቆመኝ ምዕራፍ 11 ነው። መጽሐፉን ሙሉ የምትጠብቁት እንዴት እንዳመለጠ ነው አይደል፣ ርዕሱ ራሱ የባርነት ህይወቱ ታሪክ ነው፣ ግርፋቱን ነግሯችኋል፣ ኤድዋርድ ኮቪ ከሚባለው ባሪያ ሰባሪ ጋር የተደባደበውን ነግሯችኋል፣ እና ማምለጡ ጋ ሲደርስ እንዴት እንደወጣሁ አልነግራችሁም ይላል! በባቡር ይሁን በመርከብ፣ በእግር ይሁን፣ ማን ይርዳው፣ ምንም የለም። ለምን እንደማይናገር ግን ያስረዳል፣ የረዱኝን ሰዎች ችግር ውስጥ ይከታል፣ ባሪያ አሳዳሪዎችም ጥበቃውን ያጠብቃሉ ነው የሚለው። አልፎ ተርፎም ባሪያዎችን በድብቅ የሚያሻግረው መረብ፣ ማለትም የምድር ውስጥ ባቡር የሚባለው፣ ባደባባይ ስለተወራበት ከምድር በላይ ሆኗል ብሎ ይተቻል። ወዳጆቹን ነው እንግዲህ የሚተቸው። ቀጥሎ ያለው ነው እኔን የያዘኝ፤ ጌታው ጨለማ ውስጥ ይቅር ይላል፣ የማይታዩ አሳዳጆች ዙሪያውን የከበቡት ይምሰለው፣ የሚያመልጠውን ሰው ሲያባርር እያንዳንዱን እርምጃ እየፈራ ይራመድ። ይሄ ከጥንቃቄ ያለፈ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። ሰውዬው ዝምታውን ሆን ብሎ እየተጠቀመበት ነው።

ከዛ ጎግል ዶክስ ላይ ሶስት ኮለም ያለው ቴብል ሰራሁ፣ 1845፣ 1855፣ 1881 ብዬ፣ እና ስለ ማምለጡ የሚያወራውን ክፍል ብቻ ከሶስቱም እያነበብኩ አንድ አይነት የሆነውን በአንድ መስመር፣ የተለየውን ለየብቻ ጻፍኩ። ሌላ ምንም ሳታነቡ ይሄን ብቻ ብትሰሩ ግማሹ ፔፐር አልቋል ማለት ነው።

የ1855ቱ አሁንም አይናገርም፣ ግን ምሳሌ ጨምሯል። ሄንሪ ቦክስ ብራውን የሚባል ሰው አለ፣ በ1849 ከሪችመንድ ራሱን በእንጨት ሳጥን አሽጎ በእቃ አድራሽ ድርጅት ፊላደልፊያ የተላከ፣ አዎ እንደ እቃ፣ ወሬው አገር ምድሩን አዳረሰው። ዳግላስ ታዲያ ከማድነቅ ይልቅ ያዝናል፣ ብራውንና ጓደኞቹ ይሄን ባያወሩት ኖሮ በአመት አንድ ሺህ ቦክስ ብራውን ይኖረን ነበር ይላል። ልብ በሉ፣ በ1845 በጥቅሉ የተናገረውን ነው በ1855 በሰው ስም ያስደገፈው። እኔ ይሄን አንድ አንቀጽ ሙሉ ጻፍኩበት፣ ምክንያቱም በሁለቱ መጽሐፎች መሃል ምን ሆነ ብላችሁ ስትጠይቁ የ1850ው አምላጭ ባሪያዎችን የማስመለስ ህግ ይመጣል፣ ነጻ በሚባሉት የሰሜን ስቴቶች ውስጥ ሳይቀር ሰው ተይዞ የሚመለስበት ህግ ማለት ነው። እሱ ራሱ ግን በዛን ጊዜ ህጋዊ ነጻ ሰው ነው፣ በ1846 እንግሊዝ ያሉ ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ከጌታው ገዝተው ነጻ አውጥተውታል። ስለዚህ በ1855 ዝም ያለው ለራሱ ፈርቶ አይደለም። ይቺን ነጥብ ማንም አልነገረኝም፣ ሁለቱን አመቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነው የታየችኝ፣ እና አስተማሪዬ ዳር ላይ "ጥሩ" ብላ የጻፈችው እዚች ጋ ነው።

የ1881ዱ ላይ በመጨረሻ ይናገራል። ሰኞ መስከረም 3፣ 1838። አንድ መርከበኛ ጓደኛ ነበረው፣ የመርከበኛ መታወቂያ ወረቀት አዋሰው፣ ከላዩ የአሜሪካ ንስር ያለበት። ችግሩ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የሰውዬው መልክ ከሱ በጣም የጠቆረ ነው፣ ጠበቅ አድርጎ ያየው ሰው ካለ አለቀለት። ስለዚህ ትኬት ቤት አልሄደም፣ እዛ ወረቀቱን በደንብ ስለሚመረምሩት። አይዛክ ሮልስ የሚባል ጋሪ ነጂ ሻንጣውን ልክ ባቡሩ ሲነሳ እንዲያመጣለት አደረገና ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ዘሎ ገባ። ቀይ ሸሚዝ፣ የመርከበኛ ኮፍያ፣ ጥቁር ክራቫት አንገቱ ላይ እንደነሱ ፈታ አድርጎ አስሮ። ለጥቁሮች የተለየው ፉርጎ ውስጥ ትኬት ተቆጣጣሪው እየጮኸ ሌሎቹን ወረቀት ይጠይቃል፣ እሱ ጋ ሲደርስ ግን ድምጹ ለስለስ አለ፣ የነጻነት ወረቀት አለህ መቼም ሲለው፣ የለም ጌታዬ፣ እሱን ይዤ ባህር አልወጣም፣ ግን የአሜሪካ ንስር ያለበት ወረቀት አለኝ፣ አለም ዙሪያ ይወስደኛል አለው። ተቆጣጣሪው ገረፍ አድርጎ አይቶ ሂሳቡን ተቀብሎ አለፈ። እዛው መንገድ ላይ የሚያውቀው ጀርመናዊ ቀጥቃጭ አፍጥጦ አይቶት ነበር፣ ያወቀው ይመስለኛል ግን አሳልፎ ሊሰጠኝ ልብ አልነበረውም ይላል። ዴላዌር ዊልሚንግተን ደርሶ በስቲም ቦት ፊላደልፊያ፣ ከዛ በባቡር ኒውዮርክ። ከ24 ሰአት በታች።

እዚሁ መጽሐፍ ላይ አንድ በጣም የሚያስቀኝ ቦታ አለ። ባርነት በ1865 ቀርቷል፣ ታዲያ እስከ 1881 ምን አስጠበቀህ ለሚለው፣ ሰዎች ሲጠይቁኝ ባርነት እያለ የማልናገርበት ጥሩ ምክንያት ነበረኝ፣ ባርነት ከቀረ በኋላ ደግሞ የምናገርበት ምክንያት የለም እያልኩ አሾፍባቸው ነበር ይላል። ይሄን የመሰለ አንቀጽ ካገኛችሁ አትዝለሉት፣ ሰውዬው ራሱ የእናንተን ጥያቄ እየጠየቀ ነው።

ስለዚህ ቲሲሴ በአማርኛ ሲባል እንዲህ ነበር፦ ዳግላስ ማምለጡን በ1845ና በ1855 የደበቀው የረዱትን ለመጠበቅ ብቻ አይደለም፣ ባሪያ አሳዳሪውን በማያውቀው ነገር እንዲፈራ ለማድረግ ጭምር ነው፣ በ1881 ሲናገርም ታሪኩን የጀግንነት ሳይሆን የወረቀትና የአጋጣሚ ታሪክ አድርጎ ነው የሚያቀርበው። ሁለተኛው ግማሽ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ራሱ ነው ከድፍረቴ ይልቅ ብልሃቴና እድሌ ነው ያወጣኝ፣ ማምለጫውንም ያቀረቡልኝ እኔን ለማሰር ህግ የሚያወጡት ሰዎች ናቸው ያለው። ነጻ ጥቁሮች ወረቀት ይያዙ ብለው ደነገጉ፣ ወረቀት ደግሞ ይዋዋሳል።

አሁን አና ጋ እንምጣ፣ ፔፐሩን ከሌላው የለየው እሷ ስለሆነች። አና መሪ የዳግላስ የመጀመሪያ ሚስቱ ናት፣ ነጻ ሴት፣ ባልቲሞር በሰው ቤት እየሰራች ገንዘብ ያጠራቀመች። ቴብሉ ላይ ስማቸው የተጠሩ ሰዎችን ስዘረዝር ጋሪ ነጂው አይዛክ ሮልስ ሳይቀር በ1881 ተጠርቷል፣ ኒውዮርክ የተቀበለው ዴቪድ ራግልስ ገና በ1845 ተጠርቷል፣ አና ግን የምትመጣው እሱ ኒውዮርክ ከደረሰ በኋላ ነው፣ ጻፍኩላት መጣች ተጋባን፣ በቃ። መስከረም 15 ተጋብተው ወደ ኒው ቤድፎርድ፣ ማሳቹሴትስ ሄዱ። ሲያመልጥ ምን አደረገች? ሶስቱ መጽሐፎች ላይ መልስ የለም። መልሱ ያለው የልጃቸው ሮዜታ በ1900 ስለ እናቷ ባቀረበችው ጽሑፍ ላይ ነው፣ የኮንግረስ ላይብረሪ ላይ በነጻ አለ፣ አጭር ናት። እዛ ላይ አና ካጠራቀመችው ገንዘብ እንዳካፈለችው፣ ለጉዞው ወጪም ካሏት የላባ ፍራሾች አንዱን ሸጣ እንደነበር ትናገራለች። ፍራሽ! በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሰራ ሴት የላባ ፍራሽ ስትሸጥ ምን ማለት እንደሆነ አረብ አገር የሰሩ እህቶቻችን ያውቁታል።

ግን ቀስ። ሮዜታ የተወለደችው በ1839 ነው፣ ስለዚህ የምትናገረው ያየችውን አይደለም፣ ቤት ውስጥ የሰማችውን ነው፣ የጻፈችውም እናቷ በ1882 ከሞተች ከብዙ አመት በኋላ ነው፣ እናቷን ለማክበር። ይሄን ሁሉ ፔፐሩ ላይ በግልጽ መጻፍ አለባችሁ፣ "አና ፍራሽ ሸጣ አስመለጠችው" ብላችሁ እንደ ተረጋገጠ ነገር ሳይሆን "ሮዜታ እንደምትለው" ብላችሁ። አንዳንድ ልጅ እንዲህ ሲጻፍ ክርክሩ የሚዳከም ይመስለዋል፣ እዚህ አገር ግን ማርክ የሚያሰጠው እሱ ነው፣ ማን ተናገረ፣ መቼ፣ ለማን፣ እንዴት አወቀ። ዳግላስ ለምን አላነሳትም ለሚለው ሁለት ሶስት ሊሆን የሚችል ምክንያት አስቀመጥኩና አንዱን መረጥኩ፣ የዘመኑ ሰው የሚስቱን ነገር ባደባባይ አይጽፍም የሚለውን፣ ምክንያቱም ስለ ትዳሩ በአጠቃላይ በሶስቱም መጽሐፍ ዝምተኛ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሌሎች ጸሐፊዎች የሄድኩት። ዴቪድ ብላይት በ2018 ያወጣው ትልቁ ባዮግራፊ አለ፣ ፑሊትዘር ያገኘው፣ ሙሉውን አንብቡ አልላችሁም፣ ጡብ የሚያክል ነው፣ መጨረሻው ላይ ያለውን ኢንዴክስ ከፍታችሁ "አና" የሚለውን ፈልጋችሁ እነዛን ገጾች አንብቡ። ሊ ፎውት የምትባል የታሪክ ምሁር ደግሞ በዳግላስ ህይወት ስለነበሩ ሴቶች ብቻ በ2017 መጽሐፍ አውጥታለች፣ ለኔ ጥያቄ የተሻለችው እሷ ናት። ሁለቱም ጋ ፉትኖቶቹን እዩ፣ እነሱ ያገኙትን ሰነድ የት እንዳገኙት ይነግሯችኋል፣ ሮዜታንም የደረስኩባት በዛ መንገድ ነው። ጄስቶር የሚባለው የምሁራን ጽሑፎች ዳታቤዝ በኮሌጅ አካውንታችሁ ይከፈታል፣ ቤት ሆናችሁም።

እና እባካችሁ ላይብረሪያኗን አነጋግሩ። እኛ ሰዎች መጠየቅ የአላዋቂ ስራ ይመስለናል፣ ወረፋ አስይዘን የምናናግራት ይመስለናል፣ እሷ ግን ስራዋ እሱ ነው፣ ቶፒካችሁን ስትነግሯት የምትፈልጉትን ዳታቤዝ ከፍታ የፍለጋ ቃል አብራችሁ ሆና ትመርጣለች። ለምሳሌ የድሮ ጋዜጣ ስትፈልጉ የዛሬውን ቃል ሳይሆን የዛን ዘመን ቃል መጻፍ እንዳለባችሁ የነገረችኝ እሷ ናት። የኮንግረስ ላይብረሪ የዳግላስን ደብዳቤዎችና የንግግር ረቂቆች ስካን አድርጎ አስቀምጧል፣ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ያስቸግራል፣ ግን ብዙው በታይፕ የተገለበጠ አለው። ዲሲ አካባቢ ካላችሁ 16 አመት የሞላው ማንም ሰው መታወቂያ ይዞ ሄዶ በነጻ የአንባቢ ካርድ ያወጣል። ጋዜጦቹን በተመለከተ አንድ ነገር እወቁ፣ በ1872 ሮቸስተር፣ ኒውዮርክ ያለው ቤቱ ተቃጥሎ ራሱ ያሳትማቸው ከነበሩት ጋዜጦች ያጠራቀማቸው እትሞች አብረው ተቃጥለዋል፣ ስለዚህ የሆነ እትም ካጣችሁ ፍለጋውን አታውቁበትም ማለት ላይሆን ይችላል።

ጥቅስ ነገር ላይ ልቆጣ ነው። "ጠንካራ ልጆች ማሳደግ የተሰበሩ ሰዎችን ከመጠገን ይቀላል" የምትል ከዳግላስ ፎቶ ጋር ፌስቡክ ላይ የምትዞር አለች፣ ቲሸርት ላይም አለች፣ በሱ ጽሑፎች ውስጥ ግን ያገኛት የለም። "አንዴ ማንበብ ከቻልክ ለዘላለም ነጻ ነህ" የምትለዋም እንደዛው። ጥቅስ ስትወስዱ ቀንና ቦታ ከሌለው አትንኩት፣ በቃ። ትክክለኛዎቹ እኮ ይበልጣሉ፣ ስልጣን ካልጠየቁት ምንም አይለቅም ያለው በነሐሴ 1857 ካናንዳይግዋ፣ ኒውዮርክ ነው፣ ሙሉ ንግግሩ አለ፣ ሄዳችሁ አንብቡት። ኤአይም ከጠየቃችሁ ሃሳብ ለማፍታታት ይረዳል፣ ጥቅስና ገጽ ቁጥር ግን ከሱ አትውሰዱ፣ በሙሉ ልብ የሌለ ገጽ ይሰጣችኋል።

ቤቱን ሄዳችሁ እዩት፣ ሲዳር ሂል ይባላል፣ በ1877 ነው የገዛው፣ እስኪሞት በ1895 እዛ ነው የኖረው። አሁን የሚያስተዳድረው ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ነው፣ ውስጡን የምታዩት ሬንጀር እያስጎበኘ ስለሆነ ቀድማችሁ ኦንላይን ቦታ ያዙ። ደረጃው ብዙ ነው፣ ኮረብታው ላይ ስትወጡ ካፒቶል ከነጉልላቱ ይታያል። ውስጥ መጽሐፍ ቤቱ፣ ጠረጴዛው፣ ቫዮሊኑ አለ፣ ከጓሮ ደግሞ መስኮት የሌላት ትንሽ የድንጋይ ክፍል፣ ማንም እንዳይረብሸው እየገባ የሚያነብባትና የሚጽፍባት፣ አሁን ያለችው በኋላ መልሰው የሰሯት ናት። ፔፐሬ ውስጥ ከጉብኝቱ አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ነው የገባው፣ ግን ቤቱን እንዳለ ያቆየችው ሁለተኛ ሚስቱ ሄለን ፒትስ መሆኗን ስሰማ ሌላ ነገር ነው የመጣብኝ፣ አንዷ ሚስት ቤቱን ጠበቀችለት፣ የሌላዋን ስራ ልጇ ባትጽፈው ማን ያውቀው ነበር? ክላስ ውስጥ ያነሳሁት ይሄን ነው፣ ግማሽ ሰአት አወዛገበን።

አንድ ለኛ የሚሆን ነገር። የሐምሌ 5፣ 1852 ንግግሩን፣ ለባሪያ የነጻነት ቀን ምኑ ነው ያለበትን፣ እስከ መጨረሻው ብታነቡ መዝጊያው አካባቢ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች የሚለውን ዳዊት ይጠቅሳል። እኔ ከወንበሬ ተነስቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ፔፐሩን ወደዛ እንዳትጎትቱት፣ ጥቅሱ በዛን ዘመን ጥቁር አሜሪካውያን ሰባኪዎች አፍሪካን በሙሉና ራሳቸውን እያሰቡ የሚጠቅሱት ነው፣ የሚያወራው ስለ ጎንደር ነገስታት አይደለም። ለሌላ ፔፐር ግን አሪፍ ቶፒክ ነው።

አጻጻፉ ላይ። የኛ ሰው ሲያወራ ከሩቅ ዞሮ ነው የሚመጣው፣ መግቢያው ይረዝማል፣ ፍሬ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው፣ እዚህ ደግሞ የመጀመሪያው አንቀጽ ሲያልቅ ምን ልትሉ እንደሆነ መታወቅ አለበት። እኔን የረዳኝ ስልኬ ላይ ድምጼን መቅዳት ነው፣ ለጓደኛዬ እንደማወራ አድርጌ በአማርኛ ክርክሩን ከላይ እስከታች አወራዋለሁ፣ ከዛ መልሼ ስሰማው "ዋናው ነገር ምን መሰለህ" ያልኩበት ቦታ ቲሲሱ ነው፣ እሱን ወደ ላይ አወጣዋለሁ። ከዛ በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ ነው የምጽፈው፣ አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር ከአማርኛ የሚገለበጥ ከሆነ ያስታውቃል። ራይቲንግ ሴንተር ካላችሁ ድራፍቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ግራመር ብቻ አያርሙም፣ "ይሄ ታዲያ ምን ይሁን" ብለው ይጠይቋችኋል፣ ያናድዳል፣ ግን መልሱን ስትጽፉት ጥሩ መደምደሚያ ይሆናል። አንቀጹን በጥቅስ አትሙሉት፣ ዳግላስ ከናንተ ይበልጥ ይጽፋል፣ አጠገቡ ስትቆሙ ያንሳችኋል፣ አጭር ቆርጣችሁ ውሰዱና ቀሪውን በራሳችሁ ተናገሩ። እሱ የተጠቀመባቸው የዘመኑ ቃላት ጥቅስ ውስጥ እንዳሉ ይቀመጣሉ፣ በራሳችሁ አረፍተ ነገር ግን "በባርነት የተያዘ ሰው" የሚለውን አጻጻፍ ነው አሁን ኮሌጅ ውስጥ የሚፈልጉት።

ሳይቴሽን የተጠየቃችሁትን ስታይል ተከተሉ፣ እኔ ቺካጎ ነበር። አንድ ነገር ብቻ፣ አብዛኞቹ ነጻ ኢቡኮች የገጽ ቁጥር የላቸውም፣ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ኦንላይን ያስቀመጠው ቅጂ ላይ ግን የዋናው እትም ገጽ ቁጥር ጽሑፉ መሃል አለ፣ ከሱ ጥቀሱ። የ1881ና የ1892 እትሞች ገጻቸው ስለማይገጥም አንዱን ይዛችሁ እስከ መጨረሻ በሱ ሂዱ።

ዳግላስ አልደረሰንም ለምትሉ ዘዴው ለሌላም ይሰራል። በባርነት ተወልዶ የጥቁሮች ትምህርት ቤት መሪ የሆነው ቡከር ቲ ዋሽንግተን የህይወት ታሪኩን በ1900 አንዴ፣ በ1901 እንደገና አሳትሟል፣ አንባቢዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ልዩነቱን ፈልጉ። ሃሪየት ጄከብስ በ1861 በሌላ ስም የጻፈችው አለ፣ በአያቷ ቤት ጣሪያ ስር ሰባት አመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ተደብቃ የኖረችው ሴት፣ ለጓደኛዋ ለኤሚ ፖስት የጻፈቻቸው ደብዳቤዎችም ተርፈዋል፣ መጽሐፉን ለመጻፍ ምን ያህል እንደፈራች እዛ ላይ ነው ያለው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን የደረሳችሁ ደግሞ እድለኞች ናችሁ፣ የህይወት ታሪኩን የመጀመሪያ ክፍል በ1771 እንግሊዝ አገር ሆኖ ለልጁ ለዊሊያም እንደ ደብዳቤ አድርጎ ጀመረው፣ ሁለተኛውን የቀጠለው በ1784 ፈረንሳይ ነው፣ በመሃሉ የአሜሪካ አብዮት መጥቶ ልጁ ከእንግሊዝ ጋር ወግኖ አባትና ልጅ ተቆራርጠዋል። ሁለተኛው ክፍል ለማን እንደተጻፈ እዩና ከዛ ጀምሩ።